ጸደንያ ያገኘቻቸው ባንዶች

ላቀው ዕድሜውን የፈጀው የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ በመንዳት ነው። ጧት ሠራተኞቹን ከጀሞ ይጭናል፣ ማታ መልሶ ያራግፋቸዋል። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ጥላለት ከሞተች ወዲህ ሌላ አላገባም። ሰውየው ቁጥብ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ስለ ኑሮ ውድነት ሲንጫጩ እንኳ በመስታወት አየት ያደርጋቸውና ዝም ይላል። ኮንዶሚኒየሙ ሲገባ ግን የምታዋራው ሰው ነበረችው፤ ኮሌጅ የገባችው ልጁ ጸደንያ።

ወሬዋ ደግሞ የጤና አልነበረም። ልጅቷን የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ፍቅር ይዟት ነበር፤ ያውም የድሮው ዓይነት፣ ጊታሩ የሚጋልብበት፣ ዘፋኙ ስለ ጎራዴና ስለ ጦር ሜዳ ጣሪያ እስኪነቀል የሚጮህበት። ዓለም ያወቃቸውን ባንዶች አትፈልግም። «እነሱንማ ማንም ያገኛቸዋል አባባ» ትላለች። የእሷ ደስታ በየአገሩ ጥግ ተረስተው የቀሩትን ማደን ነበር። አንድ የፔሩ ሰው በቴሌግራም ይልክላታል፣ እሷ ደግሞ ኢንዶኔዥያ ላለች ጓደኛዋ ታስተላልፋለች። እራት ላይ እየጎረሰች፣ «የዛሬዎቹ ከቦሊቪያ ናቸው፤ ከበሮ መቺው ቀን ቀን ዳቦ ጋጋሪ ነበር። አንድ ካሴት ብቻ አውጥተው ተበተኑ፤ እስቲ አስበው!» ትለዋለች። ላቀው ምኑን ያስበዋል? ቦሊቪያ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አያውቅም። የልጁ ዓይን ሲያበራ ማየት ግን ይወድ ነበር። «ምስኪን፣ ዳቦውስ ተሸጠለት?» ብሎ ያስቃታል። ዘፈኖቹን አንድም ቀን ሰምቷቸው አያውቅም፤ ሁልጊዜ በኢርፎን ነበር የምታዳምጠው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኢርፎኑ ገመድ ተበጠሰና ጸደንያ ሙዚቃውን በስፒከር ለቀቀችው። ደረጃውን የሚወጣው ላቀው ጩኸቱን ሲሰማ ቆመ። ጎረቤቱ እትዬ ወጋየሁ በራቸው ላይ ቆመው ያማትባሉ።

«ላቀው፣ ይሄ እኮ ጸበል ቦታ የምንሰማው ጩኸት ነው» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናት የሌላት ልጅ ናት። ሳይብስባት ብትወስዳት ይሻላል።»

እናት የሌላት የሚለው ቃል አሸነፈው። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ከፍቶ «ምንድነው እሱ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። ላቀው ግን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ልጁን ከከተማ ውጭ ወዳለ ጸበል ይዟት ሄደ።

ጸደንያ አልተከራከረችም። «አንተ ደስ የሚልህ ከሆነ እሺ» አለች። ጧት ጧት በዚያ ብርድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ጸበሉ ሥር ትቆማለች። ግራና ቀኟ ያሉት ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፤ እሷ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ዝም። አጥማቂው አባት መስቀል ካሳለሟት በኋላ ላቀውን ጠርተው፣ «ልጅህ ምንም የለባትም፤ ይዘሃት ግባ» አሉት። ያኔ ይዟት ቢገባ ምን ነበረበት! ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች ግን «ክፉውስ ዝም የሚለው ነው፤ እስኪለፈልፍ መቆየት ነው» ሲባባሉ ሰማና የካህኑን ቃል ትቶ የእነሱን ያዘ። ከጩኸት ላድናት ብሎ የመጣ ሰው፣ እንድትጮህ ሲጸልይ ከረመ።

አልጮኸችም። ቤት ሲመለሱ ስልኳን አውጥታ በዓመታት የሰበሰበችውን ዘፈን ሁሉ ዓይኑ እያየ አጠፋችው። «ይኸው አባባ፣ አሁን የለም» አለችው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ የሚወራው ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ታክሲ ሰልፍ ሆነ። ታዛዥ ልጅ አለችው፣ ሰው ሁሉ የሚያመሰግናት። ላቀው ያጣው ወሬዋን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ አላስችል አለው። ከተሳፋሪዎቹ መሐል ኦልጅራ የሚባል የለቡ ልጅ አለ፣ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚጠግን። እሱን አፍሮ እየተቅለሰለሰ ጠየቀውና ዩቲዩብ ላይ ዘፈን እንዴት እንደሚፈለግ ተማረ። ቀን ቀን ሰርቪሱ ቆሞ ሲውል መሪው ላይ ተደግፎ መስማት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ራሱን አዞሩት። ግን ከእሷ ወሬ የቀረችለት አንዲት ነገር ነበረች፤ ማንም የማያውቃቸውን ፈልግ። ፈለገና፣ የተመለከታቸው ሰው ቢሰበሰብ አንድ ሰርቪስ የማይሞላ የኡራጓይ ሽማግሌዎች አገኘ። ዘፋኙ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲለቀው ላቀው ቀና አለ። ይሄንን ያውቀዋል! አጎቱ ሠርግ ላይ ሲፎክር እንዲህ ነበር፤ ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ያልገደለውን ሁሉ ገደልኩ እያለ። አጎቱን ጸበል የወሰደው የለም። ጠጅ ነው የጨመሩለት። ላቀው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ያን ቅዳሜ ገብቶ አጠገቧ ቢቀመጥ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ማታ አዲስ ኢርፎን ገዝቶ ገባ። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ፣ «ጸዲዬ፣ አንድ ባንድ አገኘሁ» አላት። «ከኡራጓይ ናቸው። ጊታር መቺው እንደኔ ሾፌር ነበር አሉ። ማንም አያውቃቸውም።»

ጸደንያ ቀና ብላ አየችው። «እሺ አባባ» አለችና ኢርፎኑን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ላቀው ዓይኗ እስኪያበራ ጠበቀ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ጸበሉ ሥር እንደቆመችው ሁሉ ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲያልቅ ኢርፎኑን አወለቀች፤ ገመዱንም በሥርዓት ጠቅልላ መለሰችለት።

«ጥሩ ነው» አለች። «ሌላም ካለህ እሰማልሃለሁ።»