ሞዴሉ ሽንት ቤትና እምቢተኛው አንጀቴ

ሸዋ ሮቢት የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ከከተማው ዳር፣ የቀወት ማሽላ ማሳዎች ከሚጀምሩበት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የግቢው ባለቤት ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው የቀሩባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ እላቸዋለሁ። ያኔ ቀበሌው ሞዴል ቤተሰብ እያለ የሚመርጥበት ዘመን ነበርና የሳቸው ግቢ ተመርጧል። ያስመረጠው ሽንት ቤቱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባስተማረቻቸው መሠረት ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፍረው፣ ክዳን አበጅተው፣ አመዱን በጣሳ፣ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ በጀሪካን አሰናድተው፣ ዙሪያውን በማሽላ አገዳ አጥረውታል። ስብሰባ ሲኖር እንግዳ እየመጣ ይጎበኘዋል። እኔ እንደዚያ የተከበረ ሽንት ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ችግሩ፣ አባባ ሽንት ቤቱን ሠርተው አልተዉትም። ጠዋት እኔ ገብቼ ቁጢጥ ከማለቴ በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና ፊት ለፊት ካለው የፓፓያ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። በአገዳው ቀዳዳ እንተያያለን።

"እንዴት አደርክ ልጄ?"

እኔ ደግሞ በሥርዓት ያደግሁ ሰው ነኝ። ታላቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ብድግ እልና "ኖር!" እላለሁ።

"በእግዜር! ቁጭ በል፣ በሞቴ ቁጭ በል!"

ቁጭ እላለሁ። መጥቶ የነበረው ግን ተመልሶ ሄዷል። ትንሽ ቆይተው "ተመቸህ?" ይሉኛል። "በጣም፣ አባባ" እላለሁ። "ታዲያ ምነው ዝም አልክ?" ይላሉ። አመድ በትኜ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ምንም እንዳላደረግሁ ሳልናገር እወጣለሁ።

እንዲህ እያልን ወራት ገፋን። ሆዴ ተነፋ፤ በግራ በኩል ይቆርጠኝ ጀመር። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ትልቁን አንጀት እስላለሁ፤ "ውሃውን ይመጥና ቀሪውን ያስወጣል" ብዬ አስተምራለሁ። ያስወጣል ስል ድምፄ ይሰልላል። ባዮሎጂ ማወቅ ደግሞ ለፍርሃት ይመቻል። ሌላ ሰው ሆዴን አመመኝ ብሎ ይተኛል፤ እኔ ዕጢ ነው፣ መጥበብ ነው፣ መጠላለፍ ነው እያልኩ ስንት ዓይነት ሞት አማርጣለሁ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ቢላዋውን ነው። ቀደው ካልከፈቱኝ አይወጣም ብዬ ቆርጬ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጤና መኮንኑ ውሃ ትጠጣለህ ወይ አለኝ። በዚህ ሙቀት በላብ የሄደውን ካልተካሁት አንጀቴ ከሰገራው ላይ እንደሚመጥ ነገረኝ። ምን ትበላለህ ሲለኝ ዳቦ፣ ፓስታና እንቁላል አልኩት፤ ወንደላጤ ሌላ ምን ይበላል? ለጨጓራ ብዬ የማኝካትን ነጭ ክኒን ሳሳየው እሷም ታደርቃለች አለና አስቀረብኝ። በመጨረሻ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠኝና ለጥገኛ ትል ስለሚመረመር ሰገራ አምጣ አለኝ። አልወጣ ብሎኝ የመጣሁትን ሰው አምጣ አለኝ!

ዕቃዋን በኪሴ ደብቄ ብገባም አባባ አዩኝ። ለምን እንደሆነች ስነግራቸው በርጩማቸውን ይበልጥ አስጠጉት።

"አይዞህ! በርታ! አሁን እንዳትለቅ!" ይላሉ፣ በበሬ እንደሚያርስ ሰው። የጎረቤት ሴቶች ሳይቀሩ ከአጥር ማዶ "እግዚአብሔር ይርዳው" ሲሉ ሰማኋቸው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ጸሎት የባቄላ ፍሬ የምታህል ተገኘች። የላቦራቶሪው ሰው ዕቃዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያትና "ይቺ ብቻ?" አለኝ። ትል አልተገኘም።

ውሃውን ጠጣሁ፣ ክኒኑን ተውኩ፣ ፓፓያና ማሾ የሚሉትን የቆላ ጥራጥሬ በላሁ። ቁርጠቱ ግን አልተወኝም፤ ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላኩኝ። አባባ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመውኝ መናኸሪያ ተገኙ። "ሰው ያለ አስታማሚ ሐኪም ቤት አይሄድም" አሉ። ሆዴን ይዤ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ አቀበት ወጣሁ።

እዚያ ደም ቀዱኝ፤ ታይሮይድ የሚሉት የአንገት ዕጢ ሲሰንፍም አንጀት ይሰንፋል አሉኝ። ራጅ አነሱኝ፤ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ አፍስሰው አልትራሳውንድ አዩልኝ። ጓንት ያጠለቀ ሐኪም ደግሞ ከየት እንደመረመረኝ ባልናገር ይሻላል። በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም ውጤቱን ሰብስባ አስጠራችን።

"ዕጢ የለም፤ መጠላለፍም መጥበብም የለም" አለችኝ። "ግን አንጀትህ ሞልቷል። ሲመጣብህ ትይዘዋለህ እንዴ?"

አባባ መለሱልኝ።

"ኧረ አይይዝም ዶክተር! በየማለዳው ይገባል። እኔው እደጁ ነኝ። አይዞህ ስለው፣ ተመቸህ ወይ ስለው፣ ሲነሳ ቁጭ በል ስለው ነው የምቆይ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እዚያ ሆናችሁ ትነጋገራላችሁ?"

"ታዲያ ልዝጋው?"

ከንፈሯን ነክሳ ራጁን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በእርጋታ፣ "አባቴ፣ አንጀት ዓይን አፋር ነው" አለቻቸው። "ሰው ሲጠብቀው ይኮማተራል፤ የመጣው ይመለሳል፤ እዚያው ሲቆይ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያማል። ከዛሬ ጀምሮ ብቻውን ይተዉት።" ለእኔ ሽሮፕ አዘዘችልኝ፤ ከቁርስ በኋላ አንጀት ስለሚነቃ ያኔ ተቀመጥ፣ ካስመለሰህ፣ ደም ካየህ፣ ወይ ጋዝ እንኳ እምቢ ካለህ ግን ሳታድር ና አለችኝ። ቢላዋው ቀረልኝ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ አባባን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በመልሱ ጉዞ አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ተቀየሙኝ ብዬ ተጨነቅሁ። አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻ ገብቶ ሲጨልም ነው የተናገሩት።

"ታናሽ ወንድሜ በሆድ ቁርጠት ነው የሞተ። መጣሁ ብሎ ወደ ማሳው ዳር ሄደ። እኛ አጨዳ ላይ ነበርን፤ ቆየ ብሎ የጠራው የለም። ስንደርስ አንጀቱ ተጠላልፎ አልቆለታል። አንተም ሆድህን ይዘህ ስትገባ... የምጠራህ እንድትመልስልኝ ብዬ ነው።"

ያን ሙሉ አንጀቴን በሉኝ። እኔ ሽንት ቤታቸውን የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። እጃቸውን ያዝኩና ሮቢት እስክንገባ አልለቀቅኋቸውም።

በማግስቱ ቁርሴን በልቼ ስገባ ፓፓያው ሥር ማንም የለም። ከወፍ በቀር ድምፅ የለም። ስለ ሆነው ነገር ዝርዝር አልጽፍም፤ ብቻ ተራራ ከላዬ የተነሳ ያህል ቀለለኝ። ወጥቼ አባባን ፈለግኋቸው፤ ግቢ የሉም። ከማሾው ማሳ ማዶ፣ ድምፄ ከማይደርስበት ቦታ አገኘኋቸው። ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን በጆሯቸው ላይ ጠምጥመው ቆመዋል። ትከሻቸውን ስነካቸው ደንግጠው ዞሩ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"ወጣ፣ አባባ!"

"ምን አልከኝ?"

"ወጣ!" አልኩ፣ ቀወት ሁሉ እስኪሰማ።

እርሻው ድንበር ላይ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚስቁ መስሎኝ እኔም ስስቅ ቆየሁ። ነጠላቸውን ሲገልጡ ግን ጉንጫቸው በእንባ ርሶ አየሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።