ለብርድ ልብስ ያሳደግሁት ሪዝ

በሃያ ሦስት ዓመቴ አሥራ አምስት የምመስል ሰው ነበርኩ። ዛሬ ቢሆን እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር፤ ያኔ ግን ስድብ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ «ማሙሽ፣ እስቲ ጠጋ በል» የሚሉኝ ሴቶች በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት እንኳን አይበልጡም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት መጋዘን ውስጥ ገቢ ዕቃ መዝጋቢ ሆኜ እሠራ ነበር፤ ሾፌሮቹ ወረቀት ለማስፈረም ሲመጡ በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ «ትልቅ ሰው የለም?» ይሉኛል። ስለዚህ አለቃችን «ሪዝ አሳድጉ» ብሎ ያዘዘን ዕለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለተራበው ወገኔ ከማሰቤ በፊት ለራሴ ነው ደስ ያለኝ።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ከአውሮፕላን የሚራገፈው ዱቄትና ወተት በእጃችን እያለፈ ወደ ሰሜን ይሄዳል። እኛ እየቆጠርን እናሳልፋለን፣ ማታ ደግሞ ቤታችን ገብተን እራታችንን እንበላለን፤ ይሄ ነገር ሰውን አላስቀምጥ አለ። አለቃችን በወጣትነቱ ብስክሌት ይወዳደር የነበረ፣ ከንፈሩን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ ሪዝ ያለው ሰው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሐሳቡን አመጣ። ሰባት ሆነን ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ተነስተን፣ በኮተቤ በኩል ሰንዳፋ ደርሰን በብስክሌት እንመለሳለን፤ እያንዳንዳችን ደግሞ ከየሰፈራችን ብርድ ልብስ እንሰበስባለን። ሪዙስ ለምን አስፈለገ? «ድንገት ሪዝ ያወጣ ሰው ያየ ሁሉ ምን ነካህ ብሎ ይጠይቃል» አለ አለቃችን። «ሲጠይቅህ ብርድ ልብስ ትጠይቀዋለህ። አንተ ቀድመህ ከጠየቅህ ለማኝ ትሆናለህ፤ እሱ ከጀመረው ግን ጨዋታ ነው።» ከዚህ የበለጠ ብልህ ሐሳብ ሰምቼ የማውቅ አልመሰለኝም። ለልምምድ የሚሆን ሹራብም ከሆነ ቦታ አፈላልጎ አመጣልን። ቅባት እንዳይታይበት ብሎ የመረጠው ጥቁር ነበር።

እናቴ በዚያ ሰሞን ልቧ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰሜን፣ ጦር ግንባር ነው። በየወሩ ይጽፍ የነበረ ልጅ አምስት ወር ሙሉ ደብዳቤው ጠፋ። እናቴ መሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላለች፤ የወንድሜን የእጅ ጽሕፈት ግን እንኳን እሷ አስተማሪዎቹም አያነቡትም። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢው እኔ ነኝ። ደብዳቤው ከቀረ በኋላ እናቴ ፊት ማንበብ ጀመረች። ከቀበሌ የመጣ ሰው፣ ከገበያ የተመለሰች ጎረቤት፣ ማንም በራችን ላይ ቢቆም መጀመሪያ ዓይኑን ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ነው «ግባ» የምትለው። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ከንፈሬ ላይ ስለሚበቅለው ፀጉር አስብ ነበር። እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ።

ሪዙ ግን እምቢ አለ። የጓደኞቼ በሳምንቱ ጠቆር ሲል የእኔ ከንፈር ጭራሽ የነጣ መሰለኝ። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለው ፀጉር አስተካካዬ አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝና ረጅም ጊዜ መረመረኝ። «ምላጭ አታስጠጋ» አለኝ በመጨረሻ። «ጉንጭህንም፣ አገጭህንም፣ ሁሉንም እንዳለ ተወው። መጀመሪያ የት የት እንደሚበቅል እንወቅ።» እንዳለኝ አደረግሁ። በሦስተኛው ሳምንት የት የት እንደሚበቅል ታወቀ፦ አገጬ ላይ ትንሽ፣ አንገቴ ላይ ብዙ፣ ጉንጬ ላይ አልፎ አልፎ። ሪዙ ቦታ ላይ እንግዲህ፣ ከቅርብ ለሚያይ ሰው፣ ተስፋ ነበር።

ልምምዱ የሚጀመረው ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ነው። ሌሊቱ ሳይለቅ ጥቁር ሹራቤን ለብሼ ከቤት እወጣለሁ። የምንሠለጥነው በቦሌ መንገድ ላይ ነበር፣ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ፤ ችግሩ መንገዱ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። እንግዳ ከውጭ የመጣ ዕለት ወታደሮች ያስቆሙንና ከነብስክሌታችን ዳር ይዘን እንድናጨበጭብ ያዙናል። የስንት አገር መሪ እንዳጨበጨብኩለት አላውቅም፤ ለአንዱም ግን የልቤን አላጨበጨብኩም፣ እግሬ እየቀዘቀዘ ነበርና። እንግዳ በሌለበት ቀን ወደ ኮተቤ ዳገት እንወጣለን። ከዚያ ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ፀሐይ አከሰለኝ፣ ነፋስ ዓይኔን አቀላው፣ ከስቼ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ፈለገ። ማታ ከድካም ብዛት አፌን ከፍቼ ማውራት ያቅተኛል። እራቴን ሁለት ጉርሻ በልቼ ግድግዳውን እያየሁ እቀመጣለሁ።

ሰባት ሰው ተሰብስቦ በብስክሌት ልሂድ ቢል በዚያ ዘመን ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔም ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። «ጓድ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ፣ ውጭ ድንጋይ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፣ በሦስተኛው ቀን ማኅተም ያለበት ወረቀት በፖስታ ታሽጎ ተሰጠኝ። አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለእናቴ አላሳየኋትም፤ ጉዞው መገናኛ ድረስ ብቻ ነው ብያት ስለነበር ሰንዳፋ የሚለውን እንድትሰማ አልፈለግሁም። ያቺ ቀበሌ ታዲያ ከጦር ግንባር የሚመጣ መርዶ የሚያልፍባትም ቤት ናት። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ሰፈሩም ያውቃል። ልዩነቱ ሰፈሩ ሲያስበው እኔ አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ገረመኝ። ማንም ስለ ሪዜ አልጠየቀኝም። ጓደኞቼ በየቀኑ ብርድ ልብስ እየተሸከሙ ሲመጡ እኔ አንድም አላገኘሁም። ሰዉ ግን ያከብረኝ ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ጎረቤታችን ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ከወሎ የመጣው የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሳሙና ልገዛ ብሄድ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር» አለኝ፤ የኮተቤን ዳገት የሰማ መስሎኝ «በርትቻለሁ፣ አይዞህ» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእድራችን ዳኛ፣ አባቴን የቀበሩ ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ። በሰባ ዓመታቸው ለእኔ! ሪዝ ክብር ያመጣል ሲባል እሰማ ነበር፣ በዚህ ፍጥነት ያመጣል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

የማታከብረኝ እናቴ ብቻ ነበረች። በየጠዋቱ ከቤት ስወጣ ጓዳ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ያ ጥላሸት አሁንም አልለቀቀም? ና እስቲ በሳሙና ልሽልህ።»

ዝም።

«ድመታችን እንኳን ግራ አምስት ቀኝ አምስት አላት። አንተ ስንት ደረስክ?»

ዝም። ሪዝ የሚያሳድግ ሰው ቀልድ አይወድም፤ ያልበቀለለት ደግሞ ጭራሽ። ኮስተር ብዬ ብስክሌቴን እየገፋሁ እወጣለሁ። እሷ በማግስቱ ሌላ ቀልድ ይዛ ትጠብቀኛለች። ድሮ እንዲህ ቀልደኛ አልነበረችም። ምን ነካት እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ጉዟችን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጓሮ ሆኜ የኋላ ጎማዬን እየነፋሁ ነበር። ጥቁሩን ሹራብ ለብሻለሁ። በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ፊት ለፊት የእድሩ ዳኛ፣ ከኋላ ያ የወሎው ባለሱቅ። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በአገራችን የማያውቅ የለም። እናቴ አልጮኸችም። ሰዎቹንም አላየቻቸውም። ዞር ብላ እኔን ብቻ አየችኝ።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እህቴ፣ እንግዲህ ሁላችንም የእግዚአብሔር ነን። ይህ ልጅሽ ብቻውን ተሸክሞ መክሳቱን፣ መጥቆሩን፣ ጢሙን ማሳደጉን ስናይ ሰነበትን። አንቺን እንዳያስደነግጥ ብሎ ነው። ግን በቃው፤ ሸክሙን እናግዘው ብለን...»

መንፊያውን እንደያዝኩ ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ ምን ሰሙ? ወንድሜ ምን ሆነ?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አንተ አይደለህ እንዴ የምታውቀው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ታዲያ ይሄ ጢምስ?»

«ለብርድ ልብስ ነው!»

ከኋላ አንዲት ሴት «ልጁ ነካ አድርጎታል» ስትል በደንብ ሰማኋት። «ከቀበሌ የተሰጠህ ወረቀትስ?» አለ ባለሱቁ። ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ግቢው መሐል ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፦ ለድርቅ ተጎጂ ወገኖች መርጃ፣ ሰባት የብስክሌት ጋላቢዎች፣ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ ሰንዳፋ ደርሶ መልስ። ማኅተሙን ሳይቀር አነበበው። መጀመሪያ የእድሩ ዳኛ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ አልቻሉም። ከዚያ ሁሉም ተከተላቸው። እኔ ራሴ ግድግዳ ተደግፌ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እንዲያ የሳቅሁበት ሌላ ጊዜ አላስታውስም፤ ከፍርሃት የወጣ ሳቅ ስለነበር ይሆናል።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ እነሱስ ሞኞች ናቸው። አንቺ እንዴት ታምኛለሽ? ሪዝ ነው ብዬሽ አልነበር?» አልኳት፣ ትንሽም እየተቆጣሁ።

«ነግረኸኛል» አለች ነጠላዋ ጫፍ ላይ እየተናፈጠች። «የሚደብቅ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚናገረው ብዬ ነው እንጂ። ልጠይቅህ ደግሞ ፈራሁ። ካልጠየቅሁህ አልሞተም። በየጠዋቱ የምቀልድብህ ለምን መሰለህ? ወንድሙ የሞተበት ልጅ በእናቱ ቀልድ መሳቅ አይችልም። አንድ ቀን ከሳቅህልኝ ልጄ አለ ማለት ነው ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልሳቅህልኝም።»

እኔ በየጠዋቱ ኮስተር ብዬ በወጣሁ ቁጥር እናቴ ቤት ውስጥ ልጇን ስትቀብር ኖራለች። እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው አፍራለሁ። ምላጭ ልፈልግ ስነሳ ግን ልብሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ተወው» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ አስለቅሶኝማ በከንቱ አይላጭም። ሂድና ብርድ ልብስህን ሰብስብ።»

መሰብሰብ አላስፈለገኝም። ሰፈሩ ከሃፍረቱ የተነሳ ራሱ አመጣው። ባለሱቁ ሁለት አዳዲስ ይዞ መጣ፤ ዘመዶቹ ያሉት እዚያው ድርቁ አገር ነበር፣ ይህን ያን ቀን ነው የነገረኝ። የእድሩ ዳኛ የራሳቸውን አልጋ ገፈው ላኩ። ከሰባታችን ብዙ የሰበሰብኩት እኔ ሆንኩ፤ አለቃችንም «አያችሁ፣ ሪዝ ይሠራል ብዬ አልነበር?» እያለ ለሌሎቹ ሲያስተምር ዝም አልኩ።

ጉዞው? ደርሰን ተመለስን። ከሰባት ስድስተኛ ወጣሁ፤ ሰባተኛው ሰንሰለቱ ተበጥሶበት ነው። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዬ ዘንድ ሄጄ ጢሜን ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ። ስወጣ አንዲት ሴት «ማሙሽ፣ ሰዓት ስንት ነው?» አለችኝ። በደስታ ነገርኳት።

ወር አልሞላም፣ ደብዳቤ መጣ። ከሥራ ስገባ እናቴ ሳትከፍተው ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሩን ስታይ አገኘኋት። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደተቀመጠች አልጠየቅኋትም። ፖስታውን ተቀብዬ ቀደድኩት። የእጅ ጽሕፈቱ የወንድሜ ነው፤ ያን ጭረት ሌላ ሰው አይጽፈውም። በዓይኔ ቶሎ ቶሎ ወረድኩ። እግሩ ላይ ቆስሎ ሆስፒታል ነበር፣ ቁስሉ ከባድ ነበር፣ ከእንግዲህ አንከስ እያለ ይሄዳል። ይህን እንዴት አድርጌ እንደማነብላት እያሰብኩ ቀና አልኩ። እናቴ ወረቀቱን አልነበረም የምታየው። ፊቴን ነበር፣ አንድም ፀጉር የሌለበት ፊቴን፣ ትንፋሿን ይዛ።

ሳቅሁላት።

ትከሻዋ ወረደ። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ኋላ ተደገፈች። «በል አሁን አንብበው» አለችኝ። «የቀረውን እችለዋለሁ።»