ያለ ስኳር ሻይ የሚጠጣው አባቴ

አባቴ ቡራዩ ውስጥ ፍራፍሬ ይሸጥ ነበር። ስኳር በሽታ ከያዘው ወዲህ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ላገኘው ሰው ሁሉ ይህንኑ ያወራል። ሙዝና ማንጎ ግን በእሱ ቤት ስኳር የለባቸውም። የዛፍ ፍሬ ናቸው፣ አለቀ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱን ሲዘጋው ሱቃችን እንደሞላ ቀረ። ገዢ የለም፤ ወፍጮ ቤቱም ተዘግቶ የቤታችን ዱቄት አለቀ። አባቴ ደግሞ የበሰለ ፍሬ መጣል አይሆንለትም። "አላህ የሰጠው ሪዝቅ አይጣልም፣ ሐራም ነው" ይላል። ስለዚህ ቁርሳችን ፓፓያ፣ ምሳችን ሙዝ፣ እራታችን ማንጎ ሆነ። መጀመሪያ ሠርግ መስሎን ነበር። እያደር ጥርሴ ጠረሰ፣ ሆዴ ተንጫጫ፤ በልቼ ሳልነሳ ይርበኛል። ሽሮ በሕልሜ ይመጣ ጀመር።

አባቴ አላጉረመረመም። ሊበላሽ የደረሰውን እየመረጠ ይበላል፣ ውሃ በጆግ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። አንድ ጠዋት ከአልጋው መነሳት አቃተውና ዓይኑን ገልጦ "ማን ነሽ?" አለኝ። እኔን፣ ልጁን! ኡኡ ብዬ ጮኽኩ።

ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምተው ባጃጅ ይዘው ደረሱ። መንገዱ ላይ ተቃዋሚ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረዋል። እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ "ኢጆሌ! ልጆች! በሽተኛ ይዘናል!" ይላሉ፤ ወጣቶቹ ድንጋዩን ያነሱልናል፣ ካለፍን በኋላ መልሰው ይደረድሩታል።

ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ መርፌ ወጋችው፣ በክንዱም ፈሳሽ ስታስገባለት ዋለች። አመሻሹ ላይ ዓይኑ ጠራና በስሜ ጠራኝ። አልሐምዱሊላህ! ቀኑን ሙሉ የያዝኩት ትንፋሽ ያኔ ወጣልኝ።

"አባባ፣ ምን ሲበሉ ሰነበቱ?" አለችው ነርሷ።

"እኔ? ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።"

ማንጎውን እኔ ነገርኳት። እራሷን ይዛ ስትቆጣው፣ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ።

ቤት እንደገባን ኦቦ ከቤታቸው ሽሮ በእንጀራ ላኩልን። አባቴ በልቶ ሲያበቃ የቀረውን ፍራፍሬ መንገድ ላይ ላሉት ወጣቶች እንዳወጣላቸው አዘዘኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ማንጎውን ሲግጡ ከሱቁ በር ሆኖ ምራቁን እየዋጠ ያያቸው ነበር። ድንገት እጁን አወዛወዘ፤ ዕድሜ ልኩን ፍራፍሬ የሸጠው አባቴ ጮኾ እንዲህ አላቸው፦

"ልጆች፣ ብዙ አትብሉ! ስኳር ነው!"