አይሪሹ ዘሩን ሲቆጥር

ሽማግሌ የሚላከው ለወጉ ነው፤ ልጆቹ ከተስማሙ ቆይተዋል። እኔ ግን ያን እሑድ እንቢ የምልበት ሰበብ እፈልግ ነበር። አንዲት ልጄን ለአይሪሽ? ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። ኤሲውን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ በመስኮት መኪናዬን አያለሁ፤ ሰፈራችን ዊትኒ ውስጥ ማን ሊወስዳት እንደሆነ እንጃ።

የልጁ አባት ከጎረቤት ከተማ ከሄንደርሰን መጣ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት አስሮ። ይዘውት የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ናቸው። ልጄ ታስተረጉማለች።

"ሰባት ቤት ይቁጠር" አልኩ።

"አባዬ! ከአይሪሽ ጋር ዘመድ ልንሆን ነው እንዴ?"

"ወግ ነው። ይቁጠር!"

ሰውዬው ደስ አለው። እኛ ከአባት ወደ ላይ እንቆጥራለን፣ እሱ ከላይ ጀመረ። የጥንት አያቶቹን እንግሊዞች መሬታቸውን ነጠቋቸው፤ ምግባቸው የነበረው ድንች ሲበሰብስ ግማሹ ቤተሰብ በረሃብ አለቀ። እንባው መጣ። የኔም ሆድ ባባ፣ ምን ላድርግ! ልረታ ትንሽ ሲቀረኝ አያቱ ላይ ደረሰና ድምፁ ወረደ።

"አያቴ ኬንያ ነበር" አለ። "የእንግሊዝ ፖሊስ ሹም። ገበሬውን ከመሬቱ እያስነሳ ለነጭ ያስረክብ ነበር። እኛ ቤት ፎቶው በክብር ነው የተሰቀለው።"

እሰይ፣ ሰበብ ተገኘ! ብድግ አልኩ።

"የገዛ ወገኖቹ በረሃብ ያለቁበት ሰው እንዴት የሰው መሬት ይነጥቃል? ከእንዲህ ያለ ቤት ጋር አልጋባም!"

አዛውንቱ ክንዴን ያዙኝ። "ተቀመጥ እንጂ፣ እሾህ አለው እንዴ ወንበሩ? የሱን ሰማን። ያንተንስ?"

"የሥራ ሺፍቴ ሊደርስ ነው፣ ጋሼ።"

"እሱም ወግ ነው። ቁጠር።"

እንደቆምኩ በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት፤ አባቴን፣ አያቴን፣ ምንጅላቴን...

"አባዬ፣ አንዱን ስኪፕ አደረግከው" አለች ልጄ። "ቅድመ አያትህን። ጠመንጃ ይዞ ደቡብ የዘመተውን፣ ንጉሡ የአገሬውን መሬት ከነገበሬዎቹ የሰጡትን። ትንሽ ሆኜ እየኮራህ ነግረኸኛል'ኮ።"

አዛውንቱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!"

ፊቴ ነደደ። ሰውዬው አማርኛ አይሰማም፤ ከረባቱን እየነካካ አንዴ እኔን አንዴ ልጄን ያያል። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ካልፈለግሁ አትተረጉምለትም፤ ከፊቷ አወቅሁት።

"ንገሪው" አልኳትና ቁጭ አልኩ። "ከዚያ ሠርጉ መቼ ቢሆን እንደሚሻላቸው ጠይቂው።"