ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ

ሰበታ ውስጥ አጎቴን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ፎቶኮፒ» ነው የሚሉት። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሆቴሎች የሌሎችን ዘፈን ሲዘፍን ኖረ። ዘጠኝ ካሴትና ሁለት ሲዲም አሳትሟል፤ በሙሉ የሰው ዘፈን። የዛሬ ልጆች «ከቨር» ይሉታል፣ ያምርባቸዋልም። በእሱ ጊዜ ግን «የሰው ዘፈን ነው የሚዘፍነው» ይባል ነበር፣ በቃ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ በነበረበት ክረምት ካሴቶቹን በሁለት ካርቶን አምጥቶ ቤታችን አስቀመጠ።

«አንቺ ጥንቁቅ ነሽ፤ ወደ ፍላሽ ገልብጪልኝ» አለኝ።

እናቴ ከጓዳ ሆና «የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ልታነሺ ነው?» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። በእሱ ላይ ሲቀለድ ሁልጊዜ ቶሎ ብሎ የሚስቀው እሱ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ሰማሁት። የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች የተቀዱት ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በምስማር በተመታበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከዘፈኑ ጀርባ ዶሮ ይጮኻል። ከአራተኛው በኋላ ከበሮውንም ሳክስፎኑንም አንድ ኪቦርድ ይተካቸዋል። አንዱን የፍቅር ዘፈን ሦስት ጊዜ ቀድቶታል፤ በወጣትነቱ፣ በጎልማሳነቱ፣ የፊት ጥርሱ ከወለቀ በኋላ፤ በየጊዜው ድምፁን ትንሽ ዝቅ እያደረገ። መምሰል ግን ያውቅበታል። ዋናው ዘፋኝ ትንፋሽ ያጠረው ቦታ ላይ እሱንም ያጥረዋል። ሌላው ዘፋኝ ቃል ስቶ እንደሆነ፣ አጎቴ ስሕተቱን ሳይቀር አብሮ ዘፍኖታል። እኔም በየፋይሉ ላይ የዘፈኑን ባለቤት ስም እየጻፍኩ ወረድኩ። ያን ሁሉ ቀን ስሰማው ቆይቼ የራሱን ድምፅ አላውቀውም ነበር።

በስድስተኛው ካሴት ሁለተኛ ገጽ ማብቂያ ላይ አገኘሁት። ማንንም አይመስልም። ትንሽ ሻከር ያለ፣ ያፈረ የሚመስል ድምፅ ነው፦

«የሱሉልታ ብርድ አጥንቴን ዘለቀው፣
ደጅሽ የቆመውን ማን ወጥቶ ጠየቀው።»

ዘፈኑን አውቀዋለሁ። በዚያ ክረምት ያላወቀው ሰው አልነበረም፤ አንድ ወጣት የአዲስ አበባ ዘፋኝ አውጥቶት በየባጃጁ፣ በየሚኒባሱ ይጮህ ነበር። የካሴቱን ሽፋን አየሁ። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ማንም አንስቶ ሊዘፍነው የሚችል የቆየ ዜማ ሲሆን እንዲህ ይጻፋል። የእጅ ጽሑፉ የአጎቴ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው የማን ነው?» አልኩት በማግስቱ።

«የኔ» አለ፤ ካሴቶቹን ያመጣው ለዚሁ ጥያቄ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። «ሚስቴ ጥላኝ ሱሉልታ የገባች ጊዜ ያወጣሁት ነው።»

«ታዲያ ለምን የሕዝብ አልከው?»

«የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ አንድ በአንድ ‹ይሄ የማን ነው? ይሄስ?› እያለ አስጻፈኝ። የእገሌ፣ የእገሌ እያልኩ ቆይቼ እዚያ ስደርስ የኔ ማለት አፈርኩ። ‹ፎቶኮፒም ኦርጅናል አለው እንዴ?› ይለኛል ብዬ።»

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ቡራዩ ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት «ይሄ እኮ የኔ ነው» ብሎ ለሾፌሩ ነግሮት ነበር። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶት «ፋዘር፣ የኔም ነው፤ ዘፋኙ ራሱ የሕዝብ ነው ይላል እኮ!» አለው። ይህንንም እየሳቀ ነበር የነገረኝ።

ከካርቶኑ ሥር ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ወጣ። ልምምድ ነው። አጎቴ ብቻውን ሆኖ መስመሩን ይሞክራል። «ደጅሽ የቆመውን ማን አይቶ አለፈው» ይልና ያቆማል። ያስላል። «አይሆንም፣ አይሆንም» ይላል። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ደግሞ ይጀምራል፤ አራት ጊዜ ቀያይሮ «ጠየቀው» ላይ ይደርሳል። የሕዝብ ዜማ እንዲህ እየተደናቀፈ አይወለድም። ወደ ስልኬ ገለበጥኩት። ሳሰማው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ በዚህኛው አልሳቀም።

ሰበታ አዲስ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት ሲመረቅ ወጣቱ ዘፋኝ እንደሚመጣ ተሰማ። አጎቴ ኮቱን አስተኮሰ፣ ስድስተኛውን ካሴት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እኔ ብናገር ይስቃሉ» አለኝ በመንገድ ላይ። «አንቺ ተናገሪ። የተማረ ሰው ሲናገር ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ልምምዱንም ታሰሚያቸዋለሽ። ገንዘባቸውን አልፈልግም፤ ስሜን ብቻ ይጻፉት።»

«እሺ» አልኩት።

ዘፋኙ አዳራሹ ደጅ ከተተከለው ድንኳን ጥግ ከማናጀሩ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ዙሪያቸውን የሰበታ ሰው ከቧቸዋል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ካሴቱን አወጣ። ማናጀሩ ሽፋኑን አገላብጦ አነበበው።

«ፋዘር፣ እዚህ ላይ የሕዝብ ይላል። ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«የሕዝብ ነው ብለው በእጅዎ ጽፈው፣ አሁን የኔ ነው ይሉኛል?»

ሳቁ። ከኋላ አንዱ የሰፈራችን ሰው «ኦቦ ፎቶኮፒ! የግለሰብ አልበቃ ብሎህ ደግሞ የሕዝብ ንብረት ጀመርክ?» ብሎ ጮኸ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ሌላ ሆነ። አጎቴ አብሯቸው ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። ወደ እኔ ዞረ።

«እሷ ታስረዳችኋለች። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናት።»

ሁሉም አዩኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ልምምዱ ተከፍቷል፣ የቀረው በጣቴ መንካት ነው። ልምምዱን ሳስበው ሳሉና የወንበሩ መንቋቋት መጣብኝ፤ በዚያም እንደሚስቁ አሰብኩ፣ እንደሚስቁብኝ።

«እሺ እህት፣ የማን ነው?» አለኝ ማናጀሩ።

«እኔ ካሴቱን ብቻ ነው የገለበጥኩት» አልኩ።

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነው እንደማለት። ካሴቱን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ዘፋኙ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነስቶ ትከሻውን ያዘው። «ጋሼ፣ እንዳይከፋዎ። መድረክ ላይ ወጥተው ከቨር ያድርጉልኝ፤ ለኔ ክብር ነው።»

ወጣ። አሁን በራሱ ድምፅ ይዘፍነዋል፣ ሁሉም ይሰሙታል፣ የእኔም መካድ ይረሳል ብዬ ጠበቅሁ። አጎቴ ማይኩን ይዞ ልክ እንደ ልጁ ዘፈነው። ልጁ «ሱሉልታ» ላይ የሚጎትታትን ጎተተ፤ ልጁ እንደሚያደርገው ድምፁን በአፍንጫው አወጣ። ልጁ ቃሉን ስቶ «ዘለቀው» በማለት ፈንታ «ዘለቀኝ» ይላል፤ ግጥሙ ቤት መምታቱን የሚተወው እዚያ ነው። አጎቴም «ዘለቀኝ» አለ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። «ቁርጥ እሱን! ቁርጥ!» እያሉ ጮኹ። ዘፋኙ ራሱ እየሳቀ አቀፈው።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ያለኝ ነገር ቢኖር «መስኮቱን ዝጊው፣ ይበርድሻል» ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን መጣ። ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩን እያየ «ያኛው ፋይል ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለኝ።

«ያንተን ስም።»

«አጥፊው። የሕዝብ በይው። ሥራ ስትገቢ ኮምፒውተርሽን ሰው አይቶ እንዳይስቅብሽ።»

አጠፋሁት። የሕዝብ ብዬ ጻፍኩ። የልምምዱን ካሴት አንስቶ ሰጠኝ።

«በዚህ ላይ የልጁን ዘፈን ቅጂልኝ። ቡራዩ ያለው ሆቴል ለቅዳሜ እሱን ዝፈን ብሎኛል፤ እየሰማሁ ልለማመድበት።»

«ሌላ ባዶ ካሴት ላይ ልቅዳልህ፣ ጋሼ?»

«ይሄው ይበቃል። ምንም አልተጻፈበትም።»

ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተትኩ፣ የመቅጃውንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ። እስኪያልቅ አጠገቤ ተቀምጦ በከንፈሩ የልጁን ቃል ይከተል ነበር። የስልኬን ቅጂ አልጠየቀኝም። ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ፤ ዛሬም አልጠየቀኝም።