ነጠላዬን ያዘቀዘቅኩበት ዓመት

እናቴ አቦምሳ የተቀበረችው ከሰዓት በኋላ ነው። ያዘገየኋት እኔ ነኝ። ሬሳው ከቤት ወጥቶ፣ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ ሽማግሌዎቹን "የአዳማ ሰዎቼ እስኪደርሱ ትንሽ እንጠብቅ" ብዬ ለመንኳቸው። ጠበቁልኝ። ለእነሱ ተብሎ የተደረደረው አግዳሚ ባዶውን ነበር፤ ለእነሱ ተብሎ የተሠራው ወጥም ክዳኑ አልተነሳም። ወንድሜ ወደ መንገዱ ሮጥ ብሎ አይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ዘመዶቼ ዓይኔን ላለማየት መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ ሬሳ ነው እኮ፤ ከዚህ በላይ አይቆይም" አሉኝና ቀበርናት። ከአዳማ የመጣነው እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን ብቻ ነበርን።

እናቴ ለአቦምሳ ሰው ሁሉ "ልጄ ናዝሬት ላይ ሰው አላት" እያለች ስታወራ ኖራለች። እውነቷን ነበር። ካገባሁ ጀምሮ የሰፈራችን እድር አባል ነኝ። በየለቅሶው ድስት አጥቤያለሁ፣ ሽንኩርት ልጫለሁ፣ በቁሙ የማላውቀውን ሰው ሬሳ ተከትያለሁ። የእድሩ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የአባል እናት ወይም አባት ሌላ ከተማ ቢሞት እድሩ አውቶቡስ ይዞ ይደርሳል። ደንቡ ለሁሉም ሠርቷል። ለእኔ እናት ጊዜ ግን ሳይሠራ ቀረ።

ለምን እንደቀረ ያወቅኩት ወደ ቤት ስንመለስ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ቤቱ ከእኛ ቤት ጋር አንድ ግንብ ይጋራል። ጡረታ የወጣ ሹም ነው። ከሹመቱ የቀረለት የእድሩ ወንበርና የአውቶቡሱ የፊት መቀመጫ ስለሆነ ሁለቱን ለማንም አይለቅም። ሰዎች አስከትሎ "እግዜር ያጥናሽ" ሊለኝ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን እየቃመ "አቦምሳ እኮ፣ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አለኝ። አውቶቡሱን ለካ የዚያኑ ቀን ባቱ ለአንድ ሀብታም አባል ልጅ ሠርግ ይዞት ሄዷል። ይህንንም የነገረኝ ራሱ ነው፣ ሳያፍር። ቀጥሎ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ ሠርጉ ላይ ስለቀረበው ዓሣ ማውራት ጀመረ። "አጥንት የሚባል አልነበረውም!" አለ። እናቴ አፈር ስትለብስ እሱ ዓሣ ይበላ ነበር። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አንቱታውን ነጥቄዋለሁ።

እንግዶቹ ሲወጡ ባለቤቴን ጠየቅኩት።

"ይሄ ሰውዬ እናት አለችው አይደል?"

"አርሲ ነገሌ አሉት። በጣም አርጅተዋል ይባላል።"

"ጥሩ።"

"ምኑ ነው ጥሩው?"

"በሕይወት መኖራቸው።"

ባለቤቴ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ደንበኛ ሲከራከረው እንኳ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነው። አሁን ግን አልሳቀም። "አንቺ ሴትዮ፣ እግዚአብሔርን ፍሪ" አለኝ።

"እፈራለሁ። እስከዚያው ግን ሥራ አለኝ" አልኩት።

ሥራዬ ይህ ነበር። ሰፈሩን ከዚያ ሰውዬ እጅ ማውጣት፤ ሰው ሲሞት ሕዝቡ የሱን ሳይሆን የእኔን ቃል እንዲጠብቅ ማድረግ። ከዚያ እናቱ የሞቱ ዕለት አፌን ዘግቼ መቀመጥ። እኔ እንደጠበቅኩ ይጠብቅ፣ ባዶ አግዳሚ ይይ፣ ወደ መንገድ ይንጠራራ። ጭንቅ ብሎት ሰዎቹ የት እንደቀሩ ሲጠይቀኝ ደግሞ "መንገዱ ሩቅ ነው" ልለው። ከዚህ ሌላ ከሱ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ሞጆ ሆነ። የአንዲት ጎረቤታችን ወንድም፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ታሞ ሞተ። ሰብሳቢው "ወንድም በደንቡ ውስጥ የለም" ብሎ ዝም አለ። እኔ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ለቅሶ እንደሚኬደው ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በየበሩ እየቆምኩ "አትመጡም ወይ?" አልኩ። ሴቶቹ ተከተሉኝ፣ ባሎቻቸው ሴቶቹን ተከተሉ። ጎረቤቴ ያን ሁሉ ሰው ስታይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ የእኔ እንባ ግን ለሹፌሩ አልነበረም። ከሞጆ በኋላ መቂ፣ ከመቂ በኋላ ሻሸመኔ ሄድን። እስላም ሞተ፣ ክርስቲያን ሞተ፣ ጴንጤ ሞተ፣ ለእኔ ልዩነት አልነበረውም። ሁሉም ጋ ደረስኩ።

የፎቶኮፒ ቤቴ የለቅሶ ቢሮ ሆነ። የእድሩ ለፋፊ ሳይቀር ጥሩንባውን ከመንፋቱ በፊት "እትዬ፣ መኪናው በስንት ሰዓት ይሁን?" ብሎ እኔን ይጠይቃል። ኋላ ኋላማ መጥራትም ቀረ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከበሬ ብቅ ካልኩ፣ ያየኝ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ይከተለኛል፤ የሞተው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው መንገድ ላይ ነው። ሰብሳቢው አሁንም የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መኪናው የሚነሳው ግን እኔ ስገባ ነው።

ቤቴ በዚያ ዓመት ቤት አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጥቁር ቀሚሴ ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ወደ ቁም ሣጥን ተመልሶ አያውቅም። ትልቋ ልጄ ለሚኒስትሪ ፈተና ያጠናችው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ትንሿ አሻንጉሊቶቿን በመስመር አስቀምጣ ለቅሶ ትደርሳቸው ጀመር። ከትምህርት ቤት ስትገባ ሰላምታዋ "እማዬ፣ ዛሬ ማን ሞተ?" ነበር። ላንጋኖን ስንት ጊዜ በመስኮት እያየን አለፍነው! ልጆቹ "አንዴ እንዋኝ" ብለው ይለምኑኛል፣ እኔ "ሬሳ እየጠበቀን?" እላለሁ። ባለቤቴ "እኛ እኮ ቱሪስቶች ነን፤ የምንጎበኘው ድንኳን ብቻ ሆነ እንጂ" እያለ ሹፌሩን ያስቀው ነበር። ስንመለስ መቂ ላይ ቲማቲም እንገዛለን፤ ቤት ገብቼ ወጥ ለመሥራት አቅም ስለማይኖረኝ ቲማቲሙን ከዳቦ ጋር በልተን እንተኛለን። አንድም ቀን ግን "ይብቃኝ" አላልኩም። ቂም ጉልበት ይሰጣል።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ለአንድ የእህል ነጋዴ አባት ለቅሶ አርሲ ነገሌ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየተደገፉ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የሰብሳቢያችን እናት መሆናቸውን ሰው በጆሮዬ ነገረኝ። እጄን ይዘው "አካም ጅርታ፣ ልጄ?" አሉኝ። ቀጥለውም "እናትሽ አረፉ አሉ። ነፍሳቸውን ይማር። ልጄ ደርሶልሻል አይደል?" ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? "ደርሰውልኛል፣ እማማ" አልኳቸው። ለሱ ብዬ አልነበረም የዋሸሁት፤ ከሳቸው ጋር ጠብ ስላልነበረኝ ነው። ከዚያ ጤናቸውን ጠየቅኩ። ወገባቸውን እንደሚያማቸው፣ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ነገሩኝ። ለምን እንደጠየቅኩ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። ስነሳ "ገለቶሚ" ብለው አመስግነው እጄን ሳሙት። ያ ነገር ለጥቂት ቀን ረበሸኝ። ከዚያ ዓሣው ትዝ አለኝና ተረጋጋሁ።

እማማ የሞቱት የእናቴ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰብሳቢው ሕመማቸው ጠንቷል ተብሎ አስቀድሞ ወደዚያ ሄዷል። ለፋፊው ፎቶኮፒ ቤቴ መጥቶ "እትዬ፣ የሰብሳቢው እናት አረፉ፤ ቀብሩ ነገ ነው። መኪናው በስንት ሰዓት ይሁን?" አለኝ።

"እደውልልሃለሁ" አልኩት። አልደወልኩለትም። ስልኬን ዘጋሁት፣ ሱቄን ዘጋሁ፣ ቤቴ ገብቼ ድንች እየላጥኩ አንጎራጎርኩ። ልጆቼ ተያዩ።

በማግስቱ ማለዳ ቀሚሱን ከሚስማሩ ሳወርድ ባለቤቴ አየኝ።

"የት ነው?"

"አርሲ ነገሌ።"

"ሌላውስ ሰው?"

"ሌላው አይሄድም።"

ገባው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "ታዲያ አንቺም ቅሪ። ቅጣቱ እሱ ከሆነ ምን ያስሮጥሻል?" አለኝ።

"ፊቱን ማየት አለብኝ" አልኩት።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ባጃጅ እስከማገኝ ድረስ በሰፈሩ መሐል በእግሬ ሄድኩ። ዳቦ ቤቷን የምትከፍተው ሴት ሰላም አለችኝ፣ በእጄ መለስኩላትና አለፍኩ። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ለራሴ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

ስደርስ ሬሳው ወጥቷል፣ ካህናቱ ጥላ ዘርግተዋል። ለአዳማ ሰው የተደረደረው አግዳሚ ባዶውን ነው። ሄጄ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አየ። ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብሎ "የአዳማ ሰዎቼ እስኪደርሱ ትንሽ እንጠብቅ" ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ወደ መንገዱ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ። ዘመዶቹ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ሰዓታቸውን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ያኔ ወደ እኔ መጣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

"ሌሎቹ የት ደረሱ፣ ልጄ?"

ተነሳሁ። ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ቃል ልናገር አፌን ስከፍት የመኪና ጥሩንባ ጮኸ።

ቅጥቅጡ አቧራውን እያስነሳ ቆመ፣ ከኋላው ሌላ ሚኒባስ። ቀድማ የወረደችው የዳቦ ቤቷ ሴት ናት፤ ከሷ ኋላ ለፋፊው፣ የሞጆዋ ጎረቤቴ ከነባሏ፣ ከሰብሳቢው ጋር የተኳረፉት ሁሉ ሳይቀሩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ሁለቱን ልጆቼን ከነዩኒፎርማቸው ይዞ ወረደ።

"ምነው ብቻሽን ሮጥሽ!" ብላ ዳቦ ሻጯ ተቆጣችኝ። "ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ስታልፊ ባላይሽ ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር! ስልክሽም አይሠራ። በየበሩ እያንኳኳሁ 'እሷ ሄዳለች፣ ምን ትጠብቃላችሁ?' አልኳቸው።"

ደሜ ፈላ። ማንን ልቆጣ? እንዲህ አድርጌ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ። ባለቤቴ ላይ አፈጠጥኩ። "ሰፈሩ በሙሉ ሲሄድ እኔ ምን ልበል?" አለና ወደ ልጆቹ ዞረ።

እማማ በዚያ ሁሉ ሰው ታጅበው ተቀበሩ። በሳቸው አልከፋኝም። ከቀብር መልስ ግን ሰብሳቢው በሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን ስሞ "አንቺ ባትኖሪ እናቴን ብቻዬን እቀብራት ነበር። ተባረኪ!" አለ። ሰዉ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ልበቀለው የተነሳሁበት ሰውዬ ይመርቀኝ ጀመር!

ልንሄድ አውቶቡሱ ውስጥ እንደገባን ሰብሳቢው መጣና የበሩን ብረት ያዘ። ዓይኑ አብጧል።

"የእናትሽ ጊዜ አጥፍቻለሁ" አለኝ። "ዛሬ እዚህ ቆሜ ስጠብቅ ነው የገባኝ። ለሙት ዓመታቸው አቦምሳ እመጣለሁ። አውቶቡሱን ይዤ፣ ሰዉን ይዤ እመጣለሁ።"

ሁሉም እኔን አየ። "እግዜር ይስጥልኝ" እንድል ነበር የሚጠብቁት፤ ባለቤቴም በዓይኑ እየለመነኝ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ክዳኑ ያልተነሳው ወጥና ወደ መንገዱ የሚሮጠው ወንድሜ ነው።

"አይድከሙ፣ ጋሼ" አልኩት። "መንገዱ ሩቅ ነው።"

መጀመሪያ ሊመልስልኝ ከንፈሩን አላቀቀ። ከዚያ ገባው። እጁ ከብረቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ምነው ሰውዬው ፊቱ እንዲህ ጠቆረ?" አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ዳቦ ሻጭ።

"እናቱን እኮ ነው የቀበረው" አልኳት። ሹፌሩ በሩን ዘጋው፣ እኔም ነጠላዬን አቃናሁ።