አባቴና የበሬው ራስ

አባቴ መርካቶ፣ ከሰባተኛ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን የፊደል አስተማሪ ነበሩ። በግቢያችን በር ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሕፃናት ተደርድረው ሀ ሁ ሂ ሲሉ ተሸካሚዎች “ዞር በሉ” እያሉ በአጠገባቸው ያልፋሉ። መርካቶ ውስጥ ትልልቅ ሱቅ ከነበራቸው ነጋዴዎች ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት እሳቸው ዘንድ ነው። እኔም እንደዚያው። በኋላ ኮሌጅ ገብቼ የታሪክ መምህርት ሆንኩና እዚያው አዲስ ከተማ ትምህርት ቤት ተመደብኩ።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ነበር። ክልሎች በየቋንቋቸው ማስተማር ጀምረው፣ አንዳንዱ የላቲንን ፊደል፣ አንዳንዱ የእኛኑ ይመርጥ ስለነበር ስለ ፊደል ማውራት ራሱ ጠብ ያነሳል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለ ፊደል አመጣጥ ማስተማር ደረሰኝ። ሰሌዳው ላይ የበሬ ራስ ሳልኩ። በሲና በረሃ ማዕድን ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ከግብፆች ሥዕል ተውሰው ድምፅን በምልክት መጻፍ እንደጀመሩ፣ በሬ በቋንቋቸው “አልፍ” ስለሚባል ራሱ የ“አ” ምልክት እንደሆነ ነገርኳቸው። ያ ጽሕፈት በፊንቄያውያን በኩል ግሪክ ደረሰ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ዐረብ አገር ወደነበሩት ሳባውያን ሄዶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ግእዝ ሆነ አልኩ። “ከግእዙ ቀጥለው፣ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን ስድስት ድምፆች በየፊደሉ ላይ የቀረጽነው ግን እኛ ነን” ብዬም ነበር። ይህቺን ማንም ወደ ቤቱ አልወሰዳትም።

በማግስቱ አንድ የጨርቅ አከፋፋይ ቤታችን መጣ። ልጁ የእኔ ተማሪ ናት፤ እሱ በልጅነቱ የአባቴ ተማሪ ነበር። ከሥራ ስገባ አልቀመጥም ብሎ አባቴ ፊት ቆሟል።

“የኔታ፣ አንዱ በላቲን ልጻፍ ይላል። አሁን ደግሞ ልጅዎ ፊደላችን ከዐረብ አገር የመጣ የበሬ ሥዕል ነው ብላ ታስተምራለች። ምን ሊቀረን ነው?”

አባቴ ለሕፃናቱ የሚነግሩት ፊደል ለቀደምቱ አባት ለሄኖስ ከሰማይ እንደተገለጠለት ነው። ለእኔም የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ምን እንደሚመልሱ ፈርቼ በሩ ላይ ቀረሁ።

“ልጄ የተማረችውን ነው ያስተማረችው” አሉት። “ቅር ካለህ አለቃዋን አነጋግር። እኔን ግን በልጄ ላይ አታስመስክረኝ።”

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ደስ ብሎኝ ላመሰግናቸው ስጠጋ በእጃቸው አስቆሙኝ።

“የቆምኩት ላንቺ ነው፤ ላልሽው ነገር አይደለም። ምነው አስቀድመሽ ለእኔ ብትነግሪኝ? ከሰው አፍ ሰማሁት።”

“ብነግርዎ ይሰሙኝ ነበር፣ አባባ?”

“አልሰማሽም ነበር።” ቀጥለውም “ያን በሬ የሳለው ማን ነው?” አሉኝ።

“ስሙ አይታወቅም።”

“ማን አስተማረው?”

“እሱም አይታወቅም።”

“እንግዲያስ አላወቃችሁም።”

“ያልታወቀ ነገር አለ ማለት የታወቀው ሐሰት ነው ማለት አይደለም” አልኩ። እሳቸው ዳዊታቸውን አንስተው ማነብነብ ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ርእሰ መምህሩ ጠራኝ። ነጋዴው ሌሎች ወላጆችን አስከትሎ መጥቶ ነበር። “ተሳስተሻል አላልኩሽም” አለኝ፤ “ግን ጊዜውን እያየሽ። ምዕራፉን እለፊው።” አላልፍም አልኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ታሪክ ተወስዶብኝ ጂኦግራፊ ተሰጠኝ። ነጋዴውም ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት አስገባት። ሲኒማ ራስ ፊት ለፊት ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጊዜ ከእናቷ ጋር አየኋት። “ቲቸር” ልትለኝ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እናቷ እጇን ይዛ ወደ ሱቆቹ ሳበቻት።

ከአባቴ ጋር እራት አብረን መብላታችን አልቀረም። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ፊደልን ግን ዳግመኛ አላነሳንም። ከሥራ ስመለስ ለሕፃናቱ ስለ ሄኖስ ሲተርኩ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማኛል። እኔ ብቅ ስል ያቋርጡና “በሉ፣ ቁጠሩ” ይሏቸዋል። እኔም ሰላም ብዬ፣ ሳልቆም፣ ወደ ውስጥ አልፋለሁ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበር።